ዩናይትድ ጃካርታን «ከድቷል» ወይስ አልከዳም?

የከዚራው፦
ትናንት ማታ መድፈኛው «ማንቸስተር ዩናይትድ በ2001 ዓ.ም ጃካርታን ከድቶ ቀረ» ብሎ የጻፈውን ካነበብኩ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሙቀቱ ነው እንዳትሉኝ፤ የድሬን ሙቀት ከተወለድኩ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ሐምሌ 10 ቀን፣ ዓርብ ጠዋት፣ አጥፍቶ ጠፊዎች በኢንዶኔዢያዋ ጃካርታ ከተማ ጄ ደብሊው ማሪዮትና ሪትዝ ካርልተን ሆቴሎች ውስጥ ራሳቸውን ሲያፈነዱ የ7 ሰዎች ሕይወት ጠፋ፣ ከ50 በላይ ሰዎች ቆሰሉ። ቡድኑ በማግሥቱ ጃካርታ ገብቶ ሊያርፍ የነበረው እዚያው ሪትዝ ካርልተን ነው። አልጋው በተነጠፈለት ሆቴል ቦምብ ፈንድቶ አልመጣም ያለ እንግዳ በየትኛው አማርኛ ነው «ከዳ» የሚባለው?

መድፈኛው ከሳቢያን፦
ወንድሜ፣ ቃሉን አልመልሰውም። ክለቡ ሐምሌ 13 ቀን በጌሎራ ቡንግ ካርኖ ስታዲየም የኢንዶኔዢያን ምርጦች ሊገጥም ቃል ገብቶ ነበር። የእስያ ጉዞውን አቋርጦ ወደ ማንቸስተር ቢመለስ ኖሮ አፌን ይዤ እቀመጥ ነበር። እሱ ግን ኳላ ላምፑር ላይ ተደላድሎ ቆይቶ፣ ከሁለት ቀን በፊት 3 ለ 2 ያሸነፈውን የማሌዢያ ቡድን በዚያችው በሐምሌ 13 እንደገና ገጥሞ 2 ለ 0 ረታው፤ ከዚያም ወደ ሴኡልና ወደ ሃንግዙ አቀና። ለጃካርታ የተጋገረው እንጀራ ሳይቀዘቅዝ ለጎረቤት ቀረበ። ይህ መካድ ካልሆነ ስሙን አንተ ንገረኝ።

የከዚራው፦
እንጀራው ይሻግት ኖሯል? ቃሉ የተገባው ሆቴሉ ሳይፈነዳ ነው። ደግሞም «ከዳ» ማለት የእናንተ የአርሰናል ደጋፊዎች ልማድ ነው። በዚያው ሐምሌ ወር ቶጎአዊው አጥቂያችሁ አዴባዮር ወደ ማንቸስተር ሲቲ ሲዛወር ያልሰደባችሁት ስድብ አልነበረም። ግማሽ ዓመት ሳይሞላ፣ በገና ማግሥት፣ ታኅሣሥ 30 ቀን 2002 ዓ.ም፣ ለአፍሪካ ዋንጫ ሲጓዝ አንጎላ፣ ካቢንዳ ላይ በጥይት በተደበደበው የቶጎ ብሔራዊ ቡድን አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጦ የነበረው እሱ ነው። ምክትል አሠልጣኙና የመገናኛ ብዙኃን ኃላፊው ሞቱ፣ ግብ ጠባቂው ኦቢላሌም ክፉኛ ቆሰለ። ቶጎ ሬሳዋን ይዛ ወደ አገሯ ስትመለስ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) መንግሥት ጣልቃ ገብቷል በሚል ሰበብ ከቀጣዮቹ ሁለት የአፍሪካ ዋንጫዎች አገዳት። ቅጣቱ ኋላ ቢነሣም፣ ካፍ ያን ዕለት ያሰበው ልክ አንተ እንዳሰብከው ነው።

መድፈኛው ከሳቢያን፦
አዴባዮርን አታንሣብኝ፤ እኛ ላይ ጎል አግብቶ ሜዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አቋርጦ ፊታችን ድረስ የመጣበትን ቀን አልረሳሁትም። ቶጎን ከዩናይትድ ጋር አንድ ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ግን ነውር ነው። ቶጎ የተተኮሰባት ናት፤ የዩናይትድ ተጫዋቾች ግን ፍንዳታውን የሰሙት ሌላ አገር ሆነው ነው። ቦምቡ አውቶቡሱ አጠገብ የፈነዳበት የጀርመኑ ዶርትሙንድ እንኳ ሚያዝያ 2009 ዓ.ም በማግሥቱ ሞናኮን ገጥሟል። አርሰናልም ቢሆን በሐምሌ 2005 ዓ.ም ጃካርታ ድረስ ሄዶ 7 ለ 0 አሸንፎ፣ ሕዝቡን አስደስቶ ተመልሷል።

የከዚራው፦
ፍንዳታው ካለፈ ከአራት ዓመት በኋላ፣ ዋናው አቀናባሪ ኑርዲን ቶፕም ገና መስከረም 2002 ላይ ከተገደለ በኋላ፣ ጀግናው አርሰናል ጃካርታ ገባ! ዶርትሙንድንም በምሳሌነት ባታመጣው ይሻልህ ነበር። ተከላካያቸው ባርትራ የክንዱ አጥንት ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ጓደኞቹ በግድ ሜዳ ገብተው 3 ለ 2 ተሸነፉ፤ አሠልጣኛቸው ቱኸልም ውሳኔው ያለ እነሱ ፈቃድ መተላለፉን በምሬት ተናግሯል። መጫወት ታማኝነት ከሆነ ያ ታማኝነት የተጫዋቾቹ አልነበረም።

የለገሀሬ እህት፦
ከጠዋት ጀምሮ ሁለታችሁም የምትጽፉት ስለ ክለብ ነው። ትኬቱን ይዞ የቀረው የጃካርታ ልጅ የት ሄደ? እንግዳው ፓስፖርቱን አውጥቶ ወደ ሌላ ከተማ ይበራል፤ ያ ልጅ ግን ሰኞ ጠዋት በዚያው ሆቴል ደጃፍ አልፎ ሥራ ይገባል። ሐምሌ 4 ቀን 2002 ዓ.ም ካምፓላ ላይ የዓለም ዋንጫን ፍጻሜ በስክሪን ሲያዩ የነበሩ ሰዎች መካከል ቦምብ ሲፈነዳ 74 ሰው አለቀ፤ ከቦታዎቹም አንዱ የእኛው የሐበሻ ምግብ ቤት ነበር። እዚያ የሚሰረዝ ጉዞም ሆነ የሚቀየር ሆቴል አልነበረም። እኛም መጋላ ውስጥ ቅዳሜ ማታ ዲኤስቲቪ ቤት በር ላይ ተጠጋግተን ስንቀመጥ ማን ይፈትሸናል? ስለ እንግዳው ደኅንነት የሚጠይቅ ሁልጊዜ አለ።

መድፈኛው ከሳቢያን፦
እህቴ፣ አንቺ የጻፍሽው እኮ የእኔን ሐሳብ ነው። ተከዳ ያልኩት ያንን ልጅ ነው።

የለገሀሬ እህት፦
አይደለም። የከዳው ማን እንደሆነ አልተናገርኩም። ያን ልጅ ቦምብ ያፈነዳበት ሰው አለ፤ አንተ ግን ከእሱ ይልቅ በዩናይትዱ ዌይን ሩኒ ተናደሃል።

ጋሼ ባቡር፦
ልጆቼ፣ እኔም አንድ ነገር ልናገር። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም ከናይጄሪያ ጋር ለዓለም ዋንጫ ማለፊያ ስንጫወት፣ ከድሬዳዋ ሌሊቱን በአውቶቡስ ተጉዘን አዲስ አበባ ስታዲየም የገባን ብዙ ነበርን። 2 ለ 1 ተሸንፈን አንገታችንን ደፍተን ከወጣን በኋላ ነው፣ በዚያው ዕለት ቦሌ ውስጥ ሁለት ሰዎች ያዘጋጁት ፈንጂ ራሳቸው ላይ ፈንድቶ መሞታቸውን የሰማነው። መንግሥት ያነጣጠሩት በእኛ በተመልካቾቹ ላይ እንደነበር ገለጸ። ይህን ስሰማ ጉልበቴ ከዳኝ። ይሁንና ናይጄሪያዎቹ ነገሩን ቀድመው ሰምተው አንጫወትም ብለው ቢሆን ኖሮ፣ ከአውቶቡስ ወርጄ «ከዱን» እል ነበር።

የከዚራው፦
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እንግዲያውስ ተሳስተው ነበር ማለት ነው።

ጋሼ ባቡር፦
ልክ ነኝ አላልኩም፤ እል ነበር ነው ያልኩት። ለዚያች ትኬት ስንት ቀን እንደተሰለፍኩ አንተ አታውቅም።

መድፈኛው ከሳቢያን፦
ጋሼ ሲናገሩ ማን ይከራከራል! ለእርስዎ ክብር ስል «ከዳ» የሚለውን አንሥቼ «ቀረ» ብቻ ልለው እችላለሁ፤ ነገር ግን «ለማሌዢያ ግን ተጫወተ» የሚለው ከጎኑ ይጻፍ።

የከዚራው፦
«ቀረ» የሚባለው ሠርግ ተጠርቶ ቤቱ የተኛ ሰው ነው። አልቀበለውም።

መድፈኛው ከሳቢያን፦
እንግዲያው «ከዳ» በነበረበት ይቆይ።