የአቃቂው ባዶ ግቢ፦ ለክፍለ ከተማው የምናስገባው ሐሳብ፣ 2ኛ ረቂቅ

ሰብሳቢ፦ ሰላም ለሁላችሁ። መኖሪያ ቤት ልንሠራበት ያሰብነው የድሮው ማሽነሪ ማቆሚያ ግቢ 8,000 ካሬ ነው። የከተማውን ፕላን መነሻ (30 በመቶ መንገድ፣ 30 አረንጓዴ፣ 40 ግንባታ) ብንይዝ ለግንባታ 3,200 ካሬ ይደርሰናል። በአስፋልቱ በኩል እያንዳንዳቸው 480 ካሬ ላይ የሚያርፉ 3 ብሎክ ጂ ፕላስ 4 (ከግራውንዱ ጋር 5 ወለል)፣ በወንዙ በኩል 800 ካሬ ላይ 16 ተያያዥ ጂ ፕላስ 1 (ላይና ታች ለየብቻ)፣ ኮሙናል (የለቅሶና የእርድ የጋራ ቤት) 250 ካሬ። ብሎኮቹ በወለል 8 ቤት፣ ተያያዦቹ 2 ቤት ሆነው የፊተኛው ብሎክ ግራውንድ ለሱቅ ሲቀነስ 144 ቤት ነው። የተያያዦቹ ታችኛው ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች ይሁን።

ኢንጂነሯ፦ በቁጥሩ አልከራከርም፤ አፈሩ ግን መረሬ፣ ጥቁር የሸክላ አፈር ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ከባዱ ብሎክ ብቻ ይጎዳል ብላችሁ አታስቡ፤ ቀላሉ ጂ ፕላስ 1 እብጠቱን የሚጫንበት ክብደት ስለሌለው ቶሎ ይነሳል፣ ግድግዳውም ከመስኮት ጥግ ጀምሮ በሰያፍ ይተረተራል። ስለዚህ ለየብሎኩ አንድ፣ በወንዙ በኩል ሁለት የሙከራ ጉድጓድ ይቆፈር። መረሬው ተቆርጦ ወጥቶ ገረጋንቲ በየንጣፉ እየተጠቀጠቀ ይግባ። የአሸንዳ ውሃ ግድግዳ ሥር አይፍሰስ፣ እስከ ቱቦው ይሂድ። ባሕር ዛፍ ደግሞ አጠገብ አይተከል፤ እርጥበቱን መጦ አፈሩን ያኮማትረዋል።

የውሃና ፍሳሽ ባለሙያው፦ ለቤት 4 ሰው፣ ለሰው 80 ሊትር ብንል በቀን 46 ሜትር ኩብ ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ የ3 ቀን መጠባበቂያ፣ 138 ሜትር ኩብ የሚይዝ የመሬት ውስጥ ታንከር ያስፈልጋል። መብራት ሲጠፋ ፓምፑም ይቆማል፤ የአንድ ቀን ውሃ ጣሪያ ላይ መኖር አለበት። ባለ 40 ቤቱ ብሎክ ላይ ይህ ወደ 13 ቶን ይመዝናል። ኢንጂነር፣ ሒሳብሽ ውስጥ አሁኑኑ አስገቢው፤ ነዋሪው ከገባ በኋላ በየራሱ ሮቶ ሲደረድር ጣሪያው ያልተሠራለትን ይሸከማል። ሴፕቲክ ታንኩም መምጠጫ መኪናው በሚደርስበት መንገድ ዳር ይሁን እንጂ ከብሎክ ጀርባ አይቀበር።

ሂሳብ ያዥ፦ በጀቱ ከጠበበ ኮሙናሉን ወደ ሁለተኛው ምዕራፍ ብንገፋውስ?

የዕድር ተወካይዋ፦ አይሆንም ልጄ። የተገፋ ኮሙናል ኋላ መጋዘን ሆኖ ይከራያል፣ ለቅሶ ሲመጣ ድንኳኑ መኪና መንገድ ላይ ይተከላል። እርዱስ ደረጃ ሥር ሊሆን ነው? ለማረጃው ዘንበል ያለ የሲሚንቶ ወለል፣ ውሃና የስብ መያዣ ያለው ማንሆል ያስፈልጋል። በመግለጫውም በመተዳደሪያ ደንቡም «የጋራ ሀብት፣ የማይከራይ» ተብሎ ይጻፍ።

ኢንጂነሯ፦ እስማማለሁ እትዬ። አንድ ነገር ልጨምር፦ የእንጀራ ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎ ዋት ይወስዳል። የአንድ ብሎክ 40 ቤት ምጣድ በአንዴ ቢለኮስ 140 ኪሎ ዋት ነው፤ የትራንስፎርመር ጥያቄያችን ይህን ይያዝ።

ሂሳብ ያዥ፦ እሺ፣ ኮሙናሉ አንደኛው ምዕራፍ ውስጥ ይቆይ። በምትኩ የሱቆቹን ማጠናቀቂያ ለተከራይ እንተው፤ ወለልና ቀለም እነሱ ይሥሩ። የሱቅ ኪራዩ ለፓምፕ፣ ለመምጠጫና ለጥበቃ ይውላል።

ሰብሳቢ፦ ተመዝግቧል። ግቢው ውስጥ ሽንብራና ጓያ የሚዘሩ ሰዎች አሉ፤ ስማቸውና የያዙት ስፋት ተለክቶ ከሐሳቡ ጋር ይያያዝ፤ የይዞታ ጥያቄ በኋላ ከተነሳ ሥራው ይቆማል። የሙከራ ጉድጓዱ ክረምት ሳይገባ ይቆፈር። ኤክስካቫተር የሚያገኝ ሰው እስከ ሐሙስ ዋጋ ያምጣ።