የባንክ አክሲዮን እስከ ዓርብ መሸጥ ይቻላል? አስቸኳይ!

የሰሚቱ፦ ሰላም ቤተሰብ። 80 የባንክ አክሲዮን አለኝ፣ አንዱን በ1,000 ብር ነው የገዛሁት። ሌላ ቁጠባ የለኝም። አከራዬ የስድስት ወር ኪራይ በአንዴ ካልከፈልክ ዓርብ ልቀቅ ብለውኛል። ባንኩ ገዢ ራስህ ፈልግ አለኝ። አንድ ደላላ ሁሉንም በ60 ሺህ ልውሰድ ይላል። ልስጠው?

አራዳው፦ አክሲዮኑን ለአከራይህ ስጣቸው፣ ትርፍ ድርሻ እየጠበቁ ይቀመጡ። ሃሃ።

ጡረተኛው ኦዲተር፦ መጀመሪያውኑ ጥሪትን በሙሉ አክሲዮን ውስጥ መክተት ልክ አልነበረም። ቢያንስ የሦስት ወር ወጪ በቁጠባ ሒሳብ ይቀመጣል። ወለዱን የዋጋ ንረት ይበላዋል፣ እውነት ነው። ግን በፈለግህ ሰዓት ታወጣዋለህ። የቀረውን ደግሞ በአንድ ባንክ ብቻ ሳይሆን...

የሰሚቱ፦ ጋሼ፣ ምክሩን ለከርሞ እይዘዋለሁ። አሁን ግን ዓርብ ደረሰብኝ።

ሚሚ፦ ባንኩ አክሲዮን ክፍል ሄደህ ጠይቅ።

የሰሚቱ፦ ሄጃለሁ አልኩ እኮ!

ቦሌ ቡልቡላ፦ ለምን ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያ አትሸጠውም? በ2017 ጥር ላይ ሥራ ጀምሯል።

ትርፌ፦ እዚያ የሚገበያየው የተመዘገበ ኩባንያ አክሲዮን ነው። መጀመሪያ የገባው ወጋገን ባንክ ነበር። ያንተ ባንክ ከሌለበት ለዓርብ አይሆንህም። ቢኖርም ገዢ መገኘት አለበት።
ለማንኛውም በ60 አትቸኩል። አክሲዮን ክፍል ተመልሰህ "መግዛት የሚፈልግ ነባር ባለአክሲዮን አለ?" በል። አንዳንዱ ባንክ ስም መዝግቦ ይይዛል። ደግሞ የዘንድሮው ትርፍ ድርሻ የማን እንደሚሆን ውሉ ላይ ይጻፍ። ደላላው አክሲዮኑን የፈለገው ለዚህም ሊሆን ይችላል። ብሩ ሒሳብህ ሳይገባ እንዳትፈርም።

ሚሚ፦ እኔም አክሲዮን ክፍል ነው ያልኩት።

ወረዳ 8፦ ቆይ፣ ስድስት ወር? የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ 1320/2016 ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ማስከፈል ይከለክላል። ውልህ ወረዳ ተመዝግቧል?

የሰሚቱ፦ በቃል ነው የተስማማነው። የጽሑፍ ውል የለንም።

ወረዳ 8፦ አዋጁ ውል በጽሑፍ ሆኖ ይመዝገብ ነው የሚለው። ነገ ጠዋት ወረዳህ ቤቶች ጽሕፈት ቤት ሂድ። የከፈልክበትን የባንክ ደረሰኝ ያዝ። ለሁለት ወር የሚሆነውን ከዘመድ ተበደር። አክሲዮኑን አትንካ።

አራዳው፦ ከአከራይ ጋር ተካስሶ እዚያው ግቢ መኖር? ውሃውን ይዘጉብሃል።

ቦሌ ቡልቡላ፦ ለመሆኑ የየትኛው ባንክ ነው? 70 እሰጣለሁ፣ በውስጥ አናግረኝ።