ልታርሰኝ የመጣችው እናቴ የትክትክ ማጠናከሪያ ክትባት ፋርማሲ ውስጥ መውሰድ ትችላለች?

ጥያቄ፦ ነፍሰ ጡር፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ

ጤና ይስጥልኝ። የ30 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ፤ እናቴም ልታርሰኝ ከደብረ ብርሃን በጎብኚ ቪዛ ከመጣች ሦስተኛ ሳምንቷን ይዛለች። ሐኪሜ ባለፈው ቀጠሮዬ ቲዳፕ (Tdap) የሚባለውን የትክትክ ክትባት ካዘዘችልኝ በኋላ፣ ሕፃኑን የሚያቅፍ የቤተሰብ አባል ሁሉ ልጁ ከመወለዱ ቢያንስ 2 ሳምንት ቀደም ብሎ ይህንኑ ቢከተብ መልካም እንደሆነ ነገረችኝ። ባለቤቴ በመሥሪያ ቤቱ ኢንሹራንስ ሰፈራችን ካለው ፋርማሲ ሄዶ ምንም ሳይከፍል ተከትቦ ተመለሰ። እናቴን ይዤ ስሄድ ግን ነገሩ ተወሳሰበ። መስኮቱ ላይ የነበረችው ልጅ የእናቴ የጉዞ ኢንሹራንስ ለክትባት እንደማይሠራና ከ70 ዶላር በላይ ከኪሳችን መክፈል እንዳለብን ነገረችን። እናቴ ዋጋውን ወደ ብር መንዝራ ስታሰላው «አንድ መርፌ ነው ይህን ሁሉ?» ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ በሩ አመራች።

ከዋጋው ይልቅ የከበደኝ ክርክሯ ነው። «እናንተን ስወልድ በየጊዜው የመንጋጋ ቆልፍ ተወግቻለሁ፤ ካርዱም ቤት አለ» ትላለች። በዚያ ላይ ሌላ መጨመር ያስፈልጋታል? ጉዳትስ የለውም? እኔም ብሆን የመጀመሪያ ልጄን ስጠብቅ የዛሬ 2 ዓመት ተከትቤያለሁና፣ እንደገና መከተቤ ግድ ነው?

ምላሽ፦ ፋርማሲስት፣ ሰሜን ቨርጂኒያ

በሽልም ያውጣዎ። እንዲህ ያለውን ክርክር ከመስኮቱ ወዲህ ሆኜ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። እናትዎ መከተባቸው እውነት ነው፤ የተከተቡት ግን ሌላ ነው። አገር ቤት ለነፍሰ ጡሮች ይሰጥ የነበረው ክትባት መንጋጋ ቆልፍን ብቻ የሚከላከል ነበር፤ በኋላ ዘጊ አነዳ (ዲፍቴሪያ) ተጨምሮበታል፤ ትክትክ ግን አሁንም የለበትም። ቲዳፕ ሦስቱንም ይይዛል። ስለዚህ ቲዳፕ ወስዶ የማያውቅ አዋቂ፣ የመጨረሻውን የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ከወሰደ የቱንም ያህል ጊዜ ቢሆነው፣ አንድ ጊዜ ሊወስደው ይችላል። ከዚያ ወዲያ ማጠናከሪያው በየ10 ዓመቱ ነው፤ የልጅ ልጅ በተወለደ ቁጥር አያት አይደግሙትም።

የእርስዎ ጉዳይ ይለያል። እናት በእያንዳንዱ እርግዝና ከ27ኛው እስከ 36ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ቢቻል ቀደም ብላ፣ እንድትከተብ የሚመከረው ለራሷ ብቻ ተብሎ ሳይሆን፣ ሰውነቷ የሚያመርተው መከላከያ በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ፅንሱ እንዲሻገር ነው። ይህ መከላከያ ከጊዜ ጋር ስለሚቀንስ የዛሬ 2 ዓመቱ ለአሁኑ ልጅ አይበቃም። ሕፃኑ የራሱን የመጀመሪያ ክትባት እዚህ አገር የሚያገኘው በ2 ወሩ ነውና፣ እስከዚያ ያለው ከእርስዎ የወረሰው ብቻ ነው።

ካርዱን በተመለከተ አንድ ነገር ልለምንዎ፤ አገር ቤት ያለ ሰው ፎቶ አንስቶ ይላክልዎ። አዋቂ ሰው የተከተበበት ማስረጃ ከሌለው ጨርሶ እንዳልተከተበ ተቆጥሮ 3 ጊዜ እንዲወስድ ይመከራል፤ ሁለተኛው ቢያንስ ከ4 ሳምንት በኋላ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከዚያ ከ6 እስከ 12 ወር ቆይቶ ነው። ካርዱ ካለ ግን የተጻፈው ይቆጠርላቸዋል። ታዲያ ቀኑን ወደ ፈረንጆቹ ሳይለውጡ እንዳያቀርቡት። «የካቲት 1996» የሚለውን ያየ ሠራተኛ እንዳለ 1996 ብሎ ይመዘግበዋል፤ እርስዎና እኔ ግን 2004 መሆኑን እናውቃለን። በዚህ ስሕተት 8 ዓመት ያረጀ መዝገብ በዓይኔ አይቻለሁ።

ዋጋው ከፋርማሲ ፋርማሲ ስለሚለያይ ሌሎችንም በስልክ ይጠይቁ። ከዚያ በፊት ግን የካውንቲውን የጤና መምሪያ ኢንሹራንስ ለሌላቸው አዋቂዎች ክትባት እንዳለው ይጠይቁ፤ እንደ ገቢ መጠን የሚያስከፍሉ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎችም አሉ፤ እነዚህ መክፈል ያልቻለን ሰው አይመልሱም።

ምላሽ፦ ልጅ ለእናቱ፣ አሌክሳንድሪያ

እኛም በዚህ አልፈናል፤ ስለ ቅጹ ልጨምር። ከክትባቱ በፊት የሚሞላው ወረቀት ስለ አለርጂ፣ ከዚህ በፊት በክትባት ስለደረሰ ጉዳት፣ ስለ ነርቭ ሕመም ይጠይቃል። እናቴ «መርፌ አይስማማኝም» ስላለችኝ እንዲሁ ጽፌው ኖሮ ፋርማሲስቱ ሊከትባት አመነታ። በመጨረሻ በስልክ አማርኛ ተርጓሚ አገናኘንና ራሷ ስታስረዳ፣ ያልተስማማት ከብዙ ዓመት በፊት የተወጋችው ፔኒሲሊን ሆኖ ተገኘ፤ እርሱም ይህን ክትባት አይከለክልም። እኔ እያለሁ ያልተናገረችውን ለማታውቀው ሰው በስልክ ዘርዝራ ስትነግረው መስማት አስገርሞኛል።

ሌላው ጾሙ ነው። ዐቢይ ጾም ስለነበረ እስከ 9 ሰዓት እህል አልቀመሰችም ነበር፤ እንደተወጋች ስትነሣ ዞረባት። ከክትባት በኋላ 15 ደቂቃ ተቀመጡ የሚሉት ለዚህም ጭምር ነውና፣ ቀጠሮውን እናትሽ ከሚገድፉበት ሰዓት በኋላ አድርጊው። እጅጌው በቀላሉ ወደ ላይ የሚሰበሰብ ልብስ ይልበሱ።

ምላሽ፦ የ71 ዓመት አባት፣ ዳላስ

ልጆቼ፣ እኛ በዱሮ ጊዜ ይህን ሁሉ ሳናውቅ አድገናል፤ ሆኖም ልጄ አላስቀምጥ ስላለችኝ ልጠይቅ። አምና ቢላዋ እጄን ቆርጦኝ በክሊኒክ የመንጋጋ ቆልፍ ወግተውኛል። አሁንም ድገም ትለኛለች። ሜዲኬር፣ ያ የአረጋውያኑ የመንግሥት ኢንሹራንስ፣ ይከፍላል?

ምላሽ፦ ፋርማሲስት፣ ሰሜን ቨርጂኒያ

አባቴ፣ አምና የተወጉት ቲዳፕ ከሆነ አይድገሙት፤ ክሊኒኩን ደውለው ስሙን ያስነብቡ። ትክትክ የሌለበት ከሆነ ግን የልጅዎ ሐሳብ ትክክል ነው። በቁስል ምክንያት የሚሰጠውን ሜዲኬር በፓርት ቢ (በሕክምናው ክፍል) ይሸፍናል፤ ቁስል ሳይኖር የሚሰጠው ማጠናከሪያ ደግሞ የፓርት ዲ (የመድኃኒቱ ክፍል) ነው፤ ከ2023 ወዲህም ፓርት ዲ ያለው ሰው ለዚህ አይከፍልም። ፋርማሲ የሚቀለው ሒሳቡን ለፓርት ዲ በቀጥታ ስለሚያቀርብ ነው፤ ሐኪም ቤት ግን አስቀድሞ ሊያስከፍልዎ ይችላል።

ምላሽ፦ ነርስ፣ ቀድሞ ጎንደር

አባታችን «አድገናል» ሲሉ ያላደጉትን ማን ይቁጠራቸው? አገር ቤት በ6 ሳምንት የሚጀመረው ባለ አምስቱ ክትባት ውስጥ ትክትክ ያለበት ያለ ምክንያት አይደለም። ትልልቅ ልጆች በሳል ፋታ አጥተው አየር ሲስቡ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል፤ ጨቅላው ግን አንዳንድ ጊዜ ሳል እንኳ ሳይኖረው ትንፋሹ ቀጥ ይላል፤ ከንፈሩ ሲጠቁር ነው የሚታወቀው። አዋቂው ደግሞ ያንኑ በሽታ ይዞ «ጉንፋን ነው» እያለ ሕፃን ይስማል። ለእናትሽ ስለ መርፌው ሳይሆን ይህን ንገሪያቸው።

ጠያቂዋ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እህቴ የካርዱን ፎቶ በቴሌግራም ላከችልን፤ ከተጻፉት አንዱ ውሃ ነክቶት አይነበብም፤ ሌሎቹን ቀናቸውን ለውጠን አቀረብን። ጤና ጣቢያው በገቢያችን መጠን አስከፍሎን እናቴ ማክሰኞ ተከተበች፤ እኔም በማግስቱ። የከንፈሩን ነገር ከነገርኳት ወዲህ ስለ ዋጋው አላነሣችም፤ እንዲያውም አማቴ ለምን እስካሁን እንዳልተከተቡ በየቀኑ ትጠይቀኛለች። ክንዷ ለሁለት ቀን ስለታመማት ለገንፎ የሚሆነውን ገብስ የማመሱ ሥራ ለባለቤቴ ተላልፏል፤ የመጀመሪያውን ዙር አሳርሮታል።