ድሬ ላይ ለሰፈር ጉዳይ መቆም ከየት ይጀመራል?

አዲሷ የሳቢያን ነዋሪ

ሰላም የድሬ ልጆች። ከደሴ ከመጣሁ ሰባት ወር ሆነኝ። ሳቢያን ነው የምኖረው፣ ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ።

ከሁለት ሳምንት በፊት አንዲት ልጅ ቅባት ልትገዛ መጣች። ዕድሜዋ ከ14 የሚበልጥ አይመስለኝም። ክንዷ ላይ የጋለ ዘይት ፈስሶባታል። «ሐኪም ይይሽ» አልኳት። «እመቤቴ ከገበያ ሳይመለሱ ቤት መግባት አለብኝ» አለችኝ። ብሩን ከመቀነቷ ፈትታ፣ አንድ በአንድ ቆጥራ ሰጠችኝ። ቁስሏን አጥቤ በፋሻ ሸፍኜ ሸኘኋት። ተመልሳ አልመጣችም። ስሟን እንኳን አልጠየቅኳትም።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። አንድ ነገር ማድረግ እፈልጋለሁ። ባለፈው ዓመት፣ እዚያው አገሬ እያለሁ፣ ስለ ሴቶች መብት የተዘጋጀ ስብሰባ ሄጄ ነበር። የሆቴል አዳራሽ ነው። ስሜን መዘገቡኝ፣ ቲሸርት ሰጡኝ፣ ምሳ በላን፣ ተለያየን። ከዚያ በኋላ የደወለልኝ ሰው የለም። እናቴ ደግሞ በስልክ «ሰው አገር ነሽ፣ አርፈሽ ሥራሽን ሥሪ» ትለኛለች። ሰልፍ መውጣት ነው የሚሻለው? ማኅበር መግባት? ከየት ልጀምር?

ሕግ ያጠናሁ

የሕጉን ነገር እኔ ልንገርሽ። ያለ መሣሪያ በሰላም መሰብሰብና ሰልፍ ማድረግ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 30 የተፈቀደ መብት ነው። በ1983 የወጣው አዋጅ ቁጥር 3 ደግሞ ሰልፉ ከመደረጉ 48 ሰዓት በፊት ለአስተዳደሩ በጽሑፍ ማሳወቅን ይጠይቃል። ደብዳቤ ካስገባሽ በቅጂው ላይ ማኅተም ሳታስመቺ ከመዝገብ ቤቱ አትውጪ።

የልጅቷ ጉዳይ ግን ሰልፍ የሚጠብቅ አይደለም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች መቅጠርን ይከለክላል፤ የሚያሳዝነው የቤት ሠራተኛን አይሸፍንም። ሕገ መንግሥቱ ግን በአንቀጽ 36 ሕፃናትን ከጉልበት ብዝበዛ ይጠብቃል። ተመልሳ ከመጣችና ጉዳት እየደረሰባት ከመሰለሽ፣ ፖሊስ ዘንድ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል አለ። አብረሻት ሂጂ፤ ብቻዋን አትላኪያት።

የደቻቱ ዳር ልጅ

አቦ እህቴ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። የልጅቷ ክንድ ዓይኔ ላይ ቀረ።

እኔ ያደግኩት ደቻቱ ዳር ነው። ወንዙ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፣ ልጆች ሆነን ኳስ እንጫወትበት ነበር። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ሌሊት ግን ከደጋው የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ገደለ። ያኔ 22 ዓመቴ ነበር። ሲነጋ ደብተር ይዞ ቤት ለቤት ሲዞር ያየሁት የመጀመሪያው ሰው የእድራችን ጸሐፊ ነው። መዋጮ የሚሰበስበው እሱ ስለሆነ በየቤቱ ስንት ሰው እንደሚያድር ያውቃል። ማን እንደጠፋ የለየነው በዚያ ደብተር ነው። ከዚያ ወዲህ «ለሰፈር ምን ልሥራ» የሚለኝን ሰው ሁሉ እድር ግባ እለዋለሁ።

አንቺም ግቢ። ተከራይ ነኝ ብለሽ አትቅሪ፣ ተከራይ የሚቀበል እድር ብዙ ነው። መጀመሪያ ላይ ንግግር አታብዢ። ለቅሶ ድረሺ፣ ሽንኩርት ክተፊ፣ ድንኳን ሲተከል ገመድ ያዢ። ስምሽን ሲያውቁ ሐሳብሽንም ይሰማሉ።

እድር የምልሽ ሌላም ምክንያት አለኝ። የዚያች ልጅ እመቤት የሆነ እድር ውስጥ ተቀምጣለች። የኛ የሴቶች እድር ውስጥ ሠራተኛ ያላቸው እናቶች ብዙ ናቸው፣ እኔም ነበረችኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ሦስት ሴቶች ሆነን «ልጆቹ የማታ ትምህርት ይግቡ» ብለን ተነሳን። ስብሰባውን ከቀኑ 8 ሰዓት ጠራነው፤ ሙቀቱ አናት ይበሳል፣ ሰዓቱም የበርጫ፣ ጫት የሚቃምበት ነው። ጥቂት ሴቶች መጡ። እኔ ደግሞ በአማርኛ ብቻ አወራሁ። ግማሹ ጎረቤቴ ኦሮምኛና ሶማልኛ ተናጋሪ ነው። አንዷ ሶማሌ ጎረቤቴ ስንወጣ እጄን ይዛ «ምን እንዳልሽ አልገባኝም፣ የተቆጣሽን ነው የመሰለኝ» አለችኝ። አፈርኩ። በሚቀጥለው እሁድ ጠዋት አደረግነው፤ እሷ ራሷ በሶማልኛ አስረዳች፣ ሌላዋ በኦሮምኛ። ያን ቀን ስድስት እናቶች እሺ አሉ።

ስድስት ልጆች አስመዘገብን። የመጡት ሁለት ናቸው። እኛ አሠሪዎቹ ከለከሏቸው ብለን ልንጣላ ደረስን። በመጨረሻ ልጆቹን ራሳቸውን ጠየቅናቸው። ትምህርቱን ወደውታል። የፈሩት ማታ 2 ሰዓት ላይ ሲለቀቁ ያለውን ጨለማ መንገድ ነው። ሦስት ወር ስንደክም አንዳችንም ይህን አልጠየቅናቸውም ነበር። አሁን እናቶች በተራ ከበር ተቀብለው ቤት ያደርሷቸዋል። አምስቱ እየተማሩ ነው። አንዷ ዘንድሮ 6ኛ ክፍል ገብታለች፤ ስትመጣ ስሟን መጻፍ አትችልም ነበር።

ልብስ ሰፊዋ

የእድሩን እስማማለሁ። ግን ዝግጅቶቹን አትናቂያቸው እህቴ። በየዓመቱ ከኅዳር 16 እስከ ታኅሣሥ 1 በሴቶች ላይ የሚደርስ ጥቃት የሚወገዝባቸው 16 ቀናት አሉ፣ ነጭ ሪባን የሚደረግበት። እኔ በአንዱ ላይ ነው ዩኒቨርሲቲዎች ነጻ የሕግ ድጋፍ እንደሚሰጡ የሰማሁት። ለአራት ዓመት ያጣሁትን የልጄን ቀለብ በእነሱ እርዳታ በፍርድ ቤት አስወሰንኩ። አዳራሽ ከገባሽ አጠገብሽ የተቀመጠችውን ሴት ስልክ ሳትቀበይ አትውጪ። አንቺ ደውዪላት፣ እንዲደወልልሽ አትጠብቂ።

ከጁገል

ከሐረር ነኝ። እዚህ ሐረሪዎች አፎቻ የሚባል ማኅበር አላቸው፣ የሴቱም የወንዱም ለየብቻው፤ ለሠርግም ለሐዘንም ይቆማል። እኔ ሐረሪ ስላልሆንኩ አባል አይደለሁም። ሆኖም ሰፈራችን መግቢያ ላይ የሚጣለው ቆሻሻ ሲያስመርረን መጀመሪያ የሄድኩት የአፎቻ እናቶች ጋ ነው። ሆጃ እየጠጣን ተነጋገርን። በሳምንቱ እነሱ ናቸው ሰዉን ሁሉ መጥረጊያ አስይዘው ያወጡት። አዲስ ሰው ስለሆንሽ ከነባሮቹ ጀርባ መቆም አይክበድሽ።

አዲሷ የሳቢያን ነዋሪ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እትዬ የደቻቱዋ፣ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዛሬ አከራዬን ጠየቅኳቸው፤ የእድራቸው ስብሰባ በሚቀጥለው እሁድ ጠዋት ነው፣ ይዘውኝ ሊሄዱ ነው። ለልጅቷ ደግሞ ፋሻና ቅባት ለይቼ አስቀምጫለሁ። የፋርማሲው ዘበኛም ካያት እንዲጠራኝ ነግሬዋለሁ። እስከ እሁድ ግን እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አልቻልኩም።

የደቻቱ ዳር ልጅ

እንግዲያው አትቀመጪ። ሐሙስ ሐሙስ ልጆቹን የምትቀበለው እናት ወልዳለች፣ ሰው አጥተናል። ከሥራ በስንት ሰዓት ትወጫለሽ?

አዲሷ የሳቢያን ነዋሪ

1 ሰዓት ላይ። ባጃጅ ይዤ እደርሳለሁ። የትምህርት ቤቱን በር በውስጥ መስመር ይንገሩኝ።