የኮሌስትሮል መድኃኒቱን ልጀምር ወይስ በአመጋገብ ልቆይ?

የተከበራችሁ ወገኖች፣ የደሴ ነዋሪ ነኝ፤ ዕድሜዬ 51 ነው። ከአንድ ወር በፊት በተደረገልኝ የደም ምርመራ መጥፎ የሚባለው ኮሌስትሮል 168 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ሆኖ ስለተገኘ፣ ሐኪሜ አቶርቫስታቲን 20 ሚሊ ግራም በየቀኑ እንድወስድ አዘዘልኝ። ስኳርም ሆነ ደም ግፊት የለብኝም፤ ሆኖም ታላቅ ወንድሜ በ54 ዓመቱ በድንገተኛ የልብ ሕመም ስላረፈ ነገሩን አቅልዬ ማየት አልቻልሁም።

መድኃኒቱ ሳይከፈት ከመሶቡ በላይ ካለው መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ባለቤቴ ከዚያ ወዲህ ሽሮውንም ምስሩንም ያለ ቂቤ፣ በጥቂት ዘይት ትሠራልኛለች፤ እኔም በየማለዳው ወደ ጦሳ ተራራ ግርጌ ለአርባ ደቂቃ ያህል በእግሬ እወጣለሁ። የሚያስቸግረኝ የበዓል ጥሪ ነው፤ እኛ ወሎዎች የቀረበልንን ማዕድ መመለስ ነውር ይመስለናል።

ሐኪሙ እንዳስረዳኝ ጉበት ራሱ ኮሌስትሮል ስለሚያመርት አመጋገብ ብቻውን የሚያወርደው መጠን ውስን ነው፤ ስታቲን የሚባለው፣ የእኔም መድኃኒት የሚመደብበት የመድኃኒት ዓይነት ግን ያንኑ ምርት ይቀንሳል። ይህን ብረዳም፣ አንድ ጎረቤቴ መድኃኒቱን ጀምሮ ጡንቻው ስለታመመ ማቆሙን ስሰማ ፈራሁ።

በቤተሰቡ እንዲህ ያለ የልብ ሕመም ያለበት ሰው ሦስት ወር በአመጋገብና በእንቅስቃሴ ቆይቶ እንደገና ቢመረመር ተገቢ ነው፣ ወይስ መዘግየቱ ይጎዳል? የሕክምና ባለሙያዎችና መድኃኒቱን የወሰዳችሁ ብትመልሱልኝ፣ ወደ ሐኪሜ ስመለስ ምን ብዬ እንደምጠይቀው አውቃለሁ።