ደሴ፣ ኮምቦልቻና አዋሳኝ ወረዳዎች የመሬት አጠቃቀም ፕላን አብረው ለመሥራት ከምን ይጀምሩ?

ሐረጎ (ጠያቂ)
ሰላም ለዚህ ቤት። ደሴ ከላይ፣ ኮምቦልቻ ከታች፣ ዙሪያቸውን ደግሞ ደሴ ዙሪያና ቃሉ ወረዳዎች። አራቱም የየራሳቸውን ፕላን ይሠራሉ፤ ጎርፉ፣ መንገዱና የቤት ፈላጊው ሕዝብ ግን ወሰን አያውቅም። የከተማው ካርታ «የወደፊት ማስፋፊያ» ብሎ ያቀለመውን መሬት የወረዳው ካርታ «ደብተር የተሰጠበት የእርሻ ይዞታ» ይለዋል። አራቱን አንድ ላይ ለማሠራት ሕጉ ምን ያህል ይፈቅዳል? በተግባርስ የመጀመሪያዎቹ ወራት ሥራ ምንድን ነው? ሙያው ያላችሁ ብትመልሱልኝ።

ባለ ካርታ
ወንድሜ፣ «አንድ ትልቅ የጋራ ማስተር ፕላን» ብላችሁ አትነሱ። በከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 መሠረት መዋቅራዊ ፕላን (የከተማው ዋና የመሬት አጠቃቀምና የዕድገት ፕላን) የሚያገለግለው ለ10 ዓመት ነው፤ የአራቱ ዘመን ደግሞ እኩል አይጀምርም፣ እኩል አያልቅም። አንዱ ሊከልስ ሲነሳ ሌላው ገና ሦስተኛ ዓመቱ ላይ ይሆናል። የአንዱ ምክር ቤትም የሌላውን መሬት ማጽደቅ አይችልም። ስለዚህ ፕላኑ የየራሳቸው ሆኖ ይቆይ፤ የጋራ የሚሆነው ካርታውና የማሳወቅ ግዴታው ነው።

ካርታው ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከልበትን ልንገርህ። ዳተም ማለት የቦታ መለኪያ ቁጥሮች የሚነሱበት መነሻ ነው። የአገራችን የቅየሳ ሥራ የለመደው አዲንዳን የሚባለውን ዳተም ነው። በእጅ የሚያዘው ጂፒኤስና ስልኩ ግን ደብሊው ጂ ኤስ 84 በሚባለው ሌላ ዳተም ያነባሉ። ያለ ልወጣ አንዱን በሌላው ላይ ብትደርበው ልዩነቱ መሬት ላይ 200 ሜትር ገደማ ይሆናል፣ ማለትም አንድ የቤት ሠፈር ሙሉ። ያኔ የሌለ የወሰን ግጭት ካርታ ላይ ይታያል፤ ኃላፊዎች ተቆጥተው ከስብሰባ ይወጣሉ። ጥፋቱ የማንም አይደለም፣ የዳተሙ ነው። ከመደረቡ በፊት ሁሉም የሚያውቋቸውን አምስት ስድስት ቋሚ ነጥቦች ምረጡ፦ የድልድይ ጫፍ፣ የመስጊድ ወይም የቤተ ክርስቲያን አጥር ማዕዘን። በዲፈረንሻል ጂፒኤስ (ከተራው እጅግ በጠራ የቅየሳ ጂፒኤስ) ለኩና የአራቱም ፋይል እነዚያ ነጥቦች ላይ በትክክል ማረፉን አረጋግጡ። ፋይሉን ደግሞ በሼፕፋይል፣ ማለትም ኮምፒውተር ላይ ሊደረብና ሊለካ በሚችል የካርታ ፋይል፣ ተቀበሉ፤ በፒዲኤፍ የመጣ ካርታ ለግድግዳ ነው የሚሆነው።

የማሳወቂያው አንቀጽ ይህን ይመስላል፦ ከወሰኑ ግራና ቀኝ፣ ለምሳሌ 2 ኪሎ ሜትር ውስጥ፣ የመሬት አጠቃቀም የሚለውጥ አካል ከማጽደቁ በፊት ለጎረቤቱ በደብዳቤ ይልካል፤ ጎረቤቱ በ30 የሥራ ቀን ይመልሳል፤ ካልመለሰ እንደተስማማ ይቆጠራል። ይህች የመጨረሻዋ ሐረግ ከሌለች ደብዳቤው መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ቆሻሻ ማስወገጃ፣ የድንጋይ ካባ (ድንጋይ የሚወጣበት ቦታ) እና ፍሳሽ የሚለቅ ፋብሪካ ሲሆን ግን ዝምታ ስምምነት እንዳይሆን ለይታችሁ ጻፉ። ስለ ቆሻሻ ካነሳን፣ ማስወገጃ ቦታ አሞራ ስለሚሰበስብ የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መመሪያ ከአውሮፕላን ማረፊያ ቢያንስ 13 ኪሎ ሜትር እንዲርቅ ይመክራል። ከኮምቦልቻ ማረፊያ ላይ ያንን ክብ ሥሩና ማን ማን ውስጥ እንደሚወድቅ እዩ። ለብቻ የሚወሰን ጉዳይ አይደለም።

የቦርከና ዳር
ባለ ካርታ ያለው ትክክል ነው። እኔ ግን ከወሰን በፊት ተፋሰሱን፣ ማለትም ውኃው ወደ አንድ ወንዝ የሚወርድበትን መሬት ሁሉ፣ አስቀድሙ እላለሁ። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ከፍታው ከ600 ሜትር በላይ ይወርዳል። የቦርከና ወንዝ ደሴን ሰንጥቆ ኮምቦልቻ ይደርሳል፤ እዚያ የፋብሪካ ፍሳሽ የሚገባባቸው የለዮሌና የወርቃ ወንዞች ይቀላቀሉትና ወደ ከሚሴ ይቀጥላል። ከታች ያለው ገበሬ ጎመንና ሽንኩርት የሚያጠጣው በዚሁ ውኃ ነው።

አንዲት ቤት እንዴት ታች እንደምትደርስ ልብ በሉ። ከደሴ በላይ ባለው የጦሳ ተራራ ተዳፋት ላይ ቦታ ለማስተካከል ከቤቱ ጀርባ 3 ሜትር ይቆረጣል፤ አፈሩ ወደ ጎን ቦይ ይገፋል። ሐምሌ ላይ ያ አፈር 60 ሳንቲ ሜትር ቱቦ አፍ ላይ ከፌስታልና ከፕላስቲክ ጠርሙስ ጋር ይደፈናል፤ ውኃው አስፋልቱን ተሻግሮ በማያውቀው በኩል ይወርዳል። የተቆረጠው ተዳፋት ደግሞ እግሩን አጥቷል። የሽንት ቤት ጉድጓድ ስርገት ሲጨመርበት መንሸራተት ይጀምራል፤ ምልክቱ ግማሽ ጨረቃ የመሰለ ስንጥቅ፣ ያዘመመ ባሕር ዛፍ፣ በበጋ የሚመነጭ አዲስ ውኃ ነው።

እዚህ ላይ ሕጉ ራሱ ወሰን ላይ ይሰበራል። የገጠር መሬት ሕጋችን ከ60 በመቶ በላይ ተዳፋት (በ100 ሜትር አግድም ከ60 ሜትር በላይ የሚወጣ መሬት) እንዳይታረስና ልቅ ግጦሽ እንዳይሆን ይከለክላል። ከወሰኑ ማዶ ግን የከተማው ፕላን በግልጽ ካልከለከለ በዚያው ተዳፋት ላይ ቤት ሊሸነሸን ይችላል። ስለዚህ አንድ የተዳፋት ካርታ ለአራቱም ይሠራ፤ በእኔ እምነት ከ20 በመቶ በላይ የሆነው ያለ ጂኦቴክኒክ (የአፈርና የድንጋይ ጥንካሬ) ጥናት መኖሪያ አይፈቀድበት።

ሐረጎ (ጠያቂ)
እግዜር ይስጥልኝ። የቀረኝ የገበሬው ነገር ነው። «አብሮ ማቀድ» ሲባል መሬቴ ወደ ከተማ ሊገባ ነው ብሎ ይሰጋል፤ ደላላውም ይቀድማል።

ባለ ካሳ
ስጋቱ መሠረት አለው። የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የጋራ ማስተር ፕላን ከባድ ተቃውሞ ገጥሞት ጥር 2008 ዓ.ም. መቅረቱ ይታወቃል። ስለዚህ የሰነዱ የመጀመሪያ አንቀጽ «ይህ ስምምነት የአስተዳደር ወሰን አይለውጥም፣ የማንንም ይዞታ አያስለቅቅም» ይበል፤ በየቀበሌውም ይነበብ።

ደላላውን የሚይዘው ቀኑ ነው። ወሬው ሳይወጣ የአየር ፎቶ ወይም የሳተላይት ምስል ያዙ፤ በዚያ ቀን ያልነበረ ጎጆ በኋላ ለካሳ አይቆጠር። ምስሉ ከዘገየ በአንድ ሌሊት የጨረቃ ቤት ይበቅላል፤ ማን ቀድሞ እንደነበረ ማስረጃ አይኖርም።

ማስፋፊያው የግድ ከሆነ ደግሞ ሒሳቡን ቀድማችሁ ሥሩ። በአዋጅ 1161/2011 ምትክ መሬት ሳያገኝ በቋሚነት የሚነሳ ገበሬ የልማት ተነሺ ካሳው ካለፉት 3 ዓመታት ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ በ15 ተባዝቶ ነው፤ ይህ ከንብረቱ ካሳ ውጪ ነው። ተነሺውንም አስቀድሞ ማማከር ግዴታ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ የሚያመርት የመስኖ ማሳ በዚህ ስሌት በጣም ውድ ይሆናል፤ ቁጥሩ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ብዙ «ማስፋፊያ» ወደ ውስጥ፣ ባዶ ወደተያዙት የከተማ ቦታዎች ይመለሳል።

አንድ የመጨረሻ ነገር፦ ሰነዱን ከንቲባዎቹና የወረዳ አስተዳዳሪዎቹ ብቻ ፈርመው አይቅር። ኃላፊ ይቀየራል፤ አዲሱ «እኔ አልፈረምኩም» ይላል። በአራቱም ምክር ቤቶች ይጽደቅ፤ ቃለ ጉባኤውና የካርታው ፋይል ቅጂ በአራቱም መዝገብ ቤት ይግባ።