ለመንገድ ዳር ቤትና ለፒያሳ ቢሮ መስኮት ገመና የሚሸፍነው የትኛው የመስታወት ስቲከር ነው?

የማራኪው ጠያቂ

ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ማራኪ አካባቢ የምንኖርበት ቤት የሳሎኑ መስኮት ከእግረኛ መንገዱ ሁለት ሜትር እንኳ አይርቅም። ዐላፊ አግዳሚው ሊያይ ባይፈልግም ምን እንደምንበላ እያየ ያልፋል። ባለቤቴ በዚህ ምክንያት መጋረጃውን ቀኑን ሙሉ ስለምትዘጋው በጠራራ ፀሐይ አምፖል አብርተን መቀመጥ ከጀመርን ሰነባብተናል። ከዚህም ሌላ ፒያሳ ውስጥ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) በተሠራ ሕንፃ ምድር ላይ፣ አነስተኛ የሂሳብ ሥራ ቢሮ አለኝ። ደንበኞች ደረሰኝና የባንክ ሰነድ ዘርግተው ሲነጋገሩ በረንዳው ላይ የቆመ ሁሉ ያያቸዋል። በቢሮው ውስጥም የእኔን ክፍል ከጸሐፊዋ የሚለይ የመስታወት ግድግዳ አለ።

የጠየቅሁት ነጋዴ ለሦስቱም ቦታ እንደ መልክ ማያ መስታወት የሚያንጸባርቀውን ስቲከር እንድገዛ መከረኝ፤ «እርስዎ ውጩን ያያሉ፣ የውጩ ሰው እርስዎን አያይም» ነው ያለኝ። ይህ እውነት ነው? ወይስ ብዙ ሰው ሳንድብላስት የሚለው ነጭ፣ ጭጋግ መሳዩ ስቲከር ይሻላል?

አልሙኒየም ሠሪ

ነጋዴው የነገረዎት ግማሹን ብቻ ነው። ስቲከሩ ውስጥና ውጭ የሚባል ነገር አያውቅም፤ የሚያውቀው ብርሃን የበዛበትንና ያነሰበትን ጎን ነው። ብርሃን የሚያሳልፈው በሁለቱም አቅጣጫ እኩል ሆኖ ሳለ፣ ቀን ላይ የውጩ ብርሃን ከክፍሉ ብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ ውጭ ለቆመው ሰው የሚታየው የራሱ መልክና የሰማዩ ነጸብራቅ ይሆናል፤ ከክፍሉ የሚወጣው ደካማ ብርሃን በዚያ ይዋጣል። ፀሐይ ገብታ አምፖል ሲያበሩ ነገሩ ይገለበጣል፤ ያን ጊዜ የራስዎን መልክ የሚያዩት እርስዎ ሲሆኑ፣ መንገደኛው ሳሎንዎን እንደ ቴሌቪዥን ያየዋል። በከተማችን ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትገባው ከምሽቱ 12 እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ ቤተሰብ ከሥራና ከትምህርት ቤት ተሰብስቦ ሳሎን የሚቀመጥበት ሰዓት ስቲከሩ ሥራ የሚያቆምበት ሰዓት ነው ማለት ነው።

ጥቁሩ ስቲከርም ከዚህ ችግር አያመልጥም። ተራው ጥርት ያለ 4 ሚሊሜትር መስታወት ከሚያርፍበት ብርሃን 90 በመቶ ገደማውን ያሳልፋል፤ «20» የሚል ቁጥር ያለው ጥቁር ስቲከር ግን የሚያሳልፈው 20 በመቶውን ብቻ ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ክፍሉ ይጨልማል፣ ስለዚህ አምፖሉን ቀን ላይ ለማብራት ይገደዳሉ፤ መጋረጃውን የጠሉት ግን ለዚሁ ነበር። ደግሞም ጥቁሩ የፀሐይን ሙቀት ወደ መስታወቱ ይስባል። የከተማዋ መሐል ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ ሌሊቱ ቀዝቃዛ፣ የጠዋቱ ፀሐይ ግን ብርቱ ነው፤ መሐሉ ሲግል በፍሬሙ የተሸፈነው ጠርዝ ቀዝቃዛ እንደሆነ ሲቆይ፣ በተለይ ጠርዙ ቀድሞ የተሸረፈ መስታወት ሊሰነጠቅ ይችላል።

ነጩ ስቲከር ብርሃኑን ከመዋጥ ይልቅ ይበትነዋል። ስለዚህ ክፍሉ ብሩህ ሆኖ ይቆያል፣ ቀንም ማታም ውስጡ ተለይቶ አይታይም። ዋጋው ደግሞ እርስዎም ውጩን አለማየትዎ ነው። እኔ ብሆን ለሦስቱም ቦታ እርሱን፣ ሙሉውን መስታወት ሸፍኜ እለጥፍ ነበር።

እናት ከአዘዞ

የወንድሜን ቃል በራሴ ቤት የደረሰው ነገር ያረጋግጣል። ባለፈው ዓመት አንጸባራቂውን አስለጥፌ ለሳምንታት እየተደሰትሁ ኖርሁ፤ ልጆች መንገድ ላይ ቆመው በመስኮታችን ፀጉራቸውን ሲያስተካክሉ ከውስጥ ሆኜ እስቅ ነበር። አንድ ምሽት ጎረቤቴ ቡና ልትጠጣ ስትመጣ በሩን ከማንኳኳቷ በፊት «ፈንዲሻው እንዳያርባችሁ» ብላ ጮኸች። ለካስ ረከቦቱን፣ ሲኒውን፣ ነጠላዬን ጥዬ መቀመጤን ሁሉ ከአጥር ውጭ ሆና ስታይ ኖራለች። የሚያስቀው፣ ገመናችን በደንብ ተከብሮ የሚያድረው መብራት በጠፋ ምሽት መሆኑ ነው።

ይሁን እንጂ ስቲከሩን አላስነሣሁትም፤ ከኋላው ወፍራም መጋረጃ ሰቅዬ ሲመሽ እዘጋዋለሁ። ቀን ቀን ደጁን፣ በተለይም ልጆቹ የሚጫወቱበትን ግቢ ማየት ስለምፈልግ ነጩን ብለጥፍ ኖሮ እታፈን ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ባለቤትዎን ይጠይቋት፤ ቀኑን ቤት የምትውለው እርስዋ ከሆነች ደጁን ማየት የሚያስፈልጋት እርስዋ ናት።

አንድ ነገር ልጨምር። ነጩን ቢለጥፉም ከመስታወቱ ተጠግቶ የቆመ ሰው ጥላ ከኋላው መብራት ካለ በግልጽ ይታያል። ለመታጠቢያ ቤት ሲሆን አምፖሉ ከመታጠቢያው ወዲያ ማዶ ሳይሆን በመስኮቱ በኩል ቢሆን ይመረጣል።

ቢሮ ያደሰ

ለቤቱ የተባለው ሁሉ ተገቢ ነው፤ ስለ ቢሮው ግን «ሙሉውን ሸፍኑት» የሚለውን አልቀበልም። ዙሪያውን በነጭ የተሸፈነ ቢሮ ክሊኒክ ይመስላል፤ ከዚያም በላይ የሂሳብ ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ ቁጥር ሲያይ ውሎ ዐይኑን ሩቅ የሚያሳርፍበት ቦታ ማጣት የለበትም።

የተቀመጠ ሰው ዐይን ከወለሉ 1 ሜትር ከ20 ገደማ ላይ ነው፤ የቆመ ሰው ዐይን ደግሞ ከ1 ሜትር ከ50 እስከ 1 ሜትር ከ70 ባለው ውስጥ ይውላል። ስለዚህ የውጩ በረንዳና የቢሮዎ ወለል እኩል ከሆኑ፣ ከመስኮቱ ታችኛ ጠርዝ ጀምሮ ከወለሉ 1 ሜትር ከ80 ከፍታ እስኪደርስ ነጩን ለጥፈው ከዚያ በላይ ያለውን ጥርት እንዳለ ቢተዉት ሰነዱ ይሸፈናል፣ ሰማዩም ይታያል። ወለልዎ ከበረንዳው ከፍ ካለ ያነሰ ይበቃዎታል፤ ዝቅ ካለ ግን ከላይ ቁልቁል ስለሚታይ መጨመር አለበት። እኔ ከመግዛቴ በፊት መስታወቱ ላይ ጋዜጣ በፕላስተር ለጠፍሁና ከምሽቱ 1 ሰዓት አምፖሉን አብርቼ ባልደረባዬን ውጭ አቆምሁት፤ ጋዜጣውን ከፍና ዝቅ እያደረግን ልኩን ያገኘነው በዚያ ነው። ጥቅሉ አብዛኛውን ጊዜ 1.22 ወይም 1.52 ሜትር ስፋት ስላለው፣ ልኩን አስቀድሞ ማወቅ ቅጥያ ከመሐል እንዳይመጣ ይረዳል።

የውስጡ የመስታወት ግድግዳ ላይ አንጸባራቂ መለጠፍ ገንዘብ መጣል ነው፤ በሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት መብራት ስለሚበራ ማንም ከማንም አይሰወርም። እዚያ ነጩ ብቻ ነው የሚያዋጣው። ድምፅን ግን የትኛውም ስቲከር አያግድም፤ ጸሐፊዋ የሚባለውን ሁሉ መስማቷ አይቀርም።

የፒያሳው ሕንፃ ፊት ላይ የሚያብለጨልጭ ነገር መለጠፍ ደግሞ ለእኔ ያሳዝነኛል። እነዚያ ብረት ፍሬም ያላቸው መስኮቶች ከነመልካቸው የቆዩት በጥቂት ቦታ ነው፤ የሕንፃውን ባለቤት ሳያስፈቅዱም ምንም አይለጥፉ።

የማራኪው ጠያቂ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ባለቤቴ እንደ እናታችን ደጁን ማየት እመርጣለሁ ስላለች፣ ለሳሎኑ አንጸባራቂውን ከወፍራም መጋረጃ ጋር፣ ለቢሮው ደግሞ ነጩን በልክ ቆርጠን ለመለጠፍ ወስነናል። ሁለት ጥያቄ ይቀረኛል። የቢሮው መስታወት ላይ የቀድሞው ተከራይ የለጠፈው፣ አሁን ወደ ሐምራዊ የተለወጠና እዚህም እዚያም ያበጠ ጥቁር ስቲከር አለ፤ እንዴት ይነሣል? የመለጠፉ ሥራስ በክረምት ይሆናል?

አልሙኒየም ሠሪ

የመስኮቱን ከፍታ በተመለከተ ቢሮ ያደሱት ወንድማችን ትክክል ናቸው፤ እኔ ሳልለካ ነው የተናገርሁት።

ሐምራዊ የሆነው በርካሽ ቀለም የተነከረ ስለነበር ነው፤ ፀሐይ ቀለሙን ስትበላው እንዲህ ይሆናል። በፀጉር ማድረቂያ ማዕዘኑን አሙቀው፣ በቀስታ ወደ ታች ይላጡት። ሙጫው መስታወቱ ላይ ከቀረ በሳሙና ውኃ አርሰው ትንሽ ካቆዩት በኋላ በአዲስ ምላጭ፣ ምላጩን አጋድመው ይፋቁት፤ ደረቅ መስታወት ላይ መፋቅ ይጭራል።

በክረምት መለጠፍ ይቻላል፣ ነገር ግን ከሥሩ የሚቀረው ውኃ ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ ለሳምንታት ነጣ ነጣ ያሉ ነጠብጣቦች ሊያዩ ይችላሉ፤ አይንኳቸው፣ በራሳቸው ይጠፋሉ። በበጋ ደግሞ ጠላቱ አቧራው ነው። ወለሉ ላይ ውኃ ይርጩ፣ መስኮቱን ይዝጉ፣ ፀሐዩ በቀጥታ በማያርፍበት ሰዓት ይሥሩ። የሚለጠፈው በውስጥ በኩል ነው። መስታወቱን አጥበው ጥቂት ላርጎ የገባበት ውኃ በብዛት ይርጩበት፤ ስቲከሩን አሳርፈው ከመሐል ወደ ዳር በጎማ መጥረጊያ ውኃውን ያስወጡ። ከፍሬሙ ዙሪያ ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ክፍተት ይተዉ፤ ፍሬሙን ከነካ ጠርዙ ይነሣል። በብረት ፍሬም የድሮ መስኮት ላይ ደግሞ መስታወቱን የያዘው ስቱኮ የረገፈበት ካለ አስቀድመው ያስጠግኑት፤ መጥረጊያውን ሲገፉ መስታወቱ ከነስቲከሩ በረንዳው ላይ እንዳይወድቅብዎ።